ድክ ድክ ለሚል ልጅ ስጦታ ስትገዙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ የልጆች ልብስና መጫወቻ እሸጣለሁ። በዓል ሲቃረብ፣ ኢድም ይሁን ገና፣ ሱቁ በአጎትና በአክስት ይሞላል። አብዛኛው ሰው ገና ከበሩ ላይ ሆኖ ጣቱን ወደ ላይኛው መደርደሪያ ይቀስርና «እትየ፣ እስቲ ያንን ትልቁን አውርጅልኝ» ይለኛል። ስለ ልጁ ግን ምንም አይነግረኝም። ስለዚህ እኔው እጠይቃለሁ፦ ስንት ወሩ ነው? መሄድ ጀምሯል? ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል? ከታች የምዘረዝራቸውን ስህተቶች ያወቅኋቸው ከእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ነው።

ለእንግዳ ዓይን መግዛት

መብራቱ የሚሽከረከር፣ ሲነኩት የሚዘፍን ትልቅ መኪና ሰው በተሰበሰበበት ሲከፈት ያምራል። የዓመት ከመንፈቅ ልጅ ግን ቁልፉን አንዴ ይጫናል፣ ይስቃል ወይም ይደነግጣል፣ ከዚያ መኪናውን ትቶ ካርቶኑ ውስጥ ይገባል። «ይህን ሁሉ ብር አውጥቼ ካርቶኑን ወደደው» እያሉ የሚያዝኑ እናቶች አሉ። ልጁ ግን አልተሳሳተም። ካርቶኑ ይገባበታል፣ ይወጣበታል፣ ይገፋል፣ ዕቃ ይጠራቀምበታል። በዚህ ዕድሜ ጨዋታ ማለት መክተት፣ ማውጣት፣ መደራረብና ማፍረስ ነው። አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚገባ ኩባያ፣ ትልልቅ የእንጨት ብሎኬት፣ የጨርቅ ኳስ፣ ወፍራም ገጽ ያለው የሥዕል መጽሐፍ፣ እየገፋ የሚሄድበት ጋሪ ስጡት። ከገበያ በትንሽ ብር የምትገኝ፣ ጥብቅ ተደርጋ የተሰፋች ትንሽ እንቅብም ሦስት የታጠበ የድስት ክዳን ሲጨመርባት ስንት ሰዓት እንደምታጫውት አይቻለሁ።

«ያድግበታል» ማለት

ሹራብ ስንገዛ አንድ ቁጥር ከፍ እናደርጋለን። የደሴ ብርድ ለከርሞም አለና ልክ ነው። መጫወቻ ላይ ግን ይህ ልማድ ያስጎዳል። የአምስት ዓመት ልጅ የሚገጣጥመው ደቃቃ ብሎኬት ለዓመት ከመንፈቅ ልጅ ጉሮሮ መዝጊያ ነው። ካርቶኑ ላይ በቀይ ክብ ውስጥ የሕፃን ፊት ተስሎ፣ አጠገቡ 0-3 ተጽፎ፣ በመስመር ከተሰረዘ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም ማለት ነው። አንዳንድ ገዢ «የኛ ልጅ ብልህ ነው፣ ይችለዋል» ይለኛል። ብልህ ይሆናል፤ ጉሮሮው ግን ያው ጠባብ ነው።

ምንም ምልክት የሌለው ዕቃም በብዛት ይመጣል። ያኔ ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቀፎ ያዙና መጫወቻውን አስገቡበት። ከላዩ ሊነቀል የሚችለውን ጎማ፣ ቁልፍና ጫማም እንዲሁ። በቀፎው ካለፈ ለዚህ ልጅ አይሆንም። የአሻንጉሊቷን ዓይን ደግሞ ጎተት አድርጉት። እኔ ሱቄ ውስጥ እንድትጎትቱ እፈቅዳለሁ፤ ልጁ አፍ ውስጥ ከሚነቀል እኔ ፊት ቢነቀል ይሻለኛል።

የድንጋዩን ክዳን አለማየት

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። የሚያበራና የሚጮህ ትንንሽ መጫወቻ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በሰዓት ድንጋይ ነው፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ሳንቲም በሚመስለው። ልጅ ውጦት የምግብ ቱቦው ላይ ከተቀረቀረ፣ በእርጥበቱ ኤሌክትሪክ ያልፍና ሥጋውን ማቃጠል ይጀምራል። በ2 ሰዓት ውስጥ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ባለ 3 ቮልቱ ይብሳል፤ መጫወቻውን ማሠራት ያቃተው፣ አለቀ ብለን የጣልነው ድንጋይም ያቃጥላል።

አንዲት ደንበኛዬ የሚያበራ ቀለበት መልሳ አመጣችልኝ። ክዳኑ በልጁ ጥርስ ተፈልቅቆ ድንጋዩን ምንጣፍ ላይ ነበር ያገኘችው። አልሐምዱሊላህ፣ አልዋጠውም። ከዚያ ወዲህ ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ ዕቃ ሱቄ አይገባም። እናንተም ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ፤ በጥፍር የሚከፈት ከሆነ ተዉት። ልጁ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ «ከሰገራ ጋር ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፣ ለማስታወክም አትሞክሩ፤ ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ወዲያውኑ ሩጡ። ማግኔትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሁለት ማግኔት ከተዋጠ አንጀት መሃል አስገብቶ ይሳሳባል።

ሳንቲም፣ ቆሎ፣ ጨሌና ፊኛ

እንግዳ ሲመጣ ልጁን ይስምና መዳፉ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያስጨብጠዋል። ከፍቅር ነው፤ ግን ለእናቱ ስጧት። ቆሎ፣ ለውዝና ድርቅ ያለ ከረሜላም ለዚህ ዕድሜ ስጦታ አይደሉም። አያቶች የሚያስሩት ጨሌ ክሩ ከሳሳ ይረግፋል፣ ክሩ ከጠነከረ ደግሞ አንገት ሊያንቅ ይችላል። ስለዚህ አያትን ሳታስቀይሙ፣ ሰው እያየው እጁ ላይ አስራችሁ ሲተኛ አውልቁለት። ፊኛ ከፈነዳ ቁራጩን ልጁ ሳያነሳው ልቀሙ፤ ጉሮሮ ላይ ሲለጠፍ ለማውጣት በጣም ያስቸግራል።

ጆሮውን መርሳት

የሚጮህ መጫወቻ ከመግዛታችሁ በፊት ጆሯችሁ ላይ ለጥፋችሁ ስሙት፤ ልጁ የሚይዘው እንደዚያ ነውና። የተሰጣችሁን መመለስ ካፈራችሁ ድምፁ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ፕላስተር ለጥፉበት።

ስልክን እንደ መጫወቻ መስጠት

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስክሪን ፊት ባይቀመጥ፣ ከሁለት ዓመት በኋላም በቀን ከ1 ሰዓት ባይበልጥ ይመከራል። በሌላ በኩል የአንድና የሁለት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት። ለዚህ ኳስ ይበቃል።

ቡፌ ላይ ማስቀመጥ

ወሎ ውስጥ ጂዳ ወይም ሪያድ የሄደች እህት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የእኔም እህት ልጄ ሁለት ዓመት ልትሞላ ስትል ትልቅ አሻንጉሊት ላከችላት። እኔም ከነፕላስቲኩ ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ አቆምኋት። እህቴ ለፍታ ያገኘችው ገንዘብ ነው፤ እንዳይሰበር ብዬ ነበር። ልጄ በየቀኑ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ነይ፣ ነይ» ትላታለች።

በወሩ እህቴ በኢሞ ደወለችና «ተጫወተችባት?» አለችኝ። ካሜራውን ወደ ቡፌው አዞርሁላት፤ ደስ የሚላት መስሎኝ። ዝም አለች። ቆይታ «እትየ፣ እኔ እኮ ለእሷ እጅ ነው የላክኋት» አለችኝ።

ያን ማታ ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኋት። ልጄ መጀመሪያ ያደረገችው የአሻንጉሊቷን ጫማ ማውለቅ ነበር። ጫማው በሶፍት ቀፎ አለፈ፤ ሁለቱንም ወስጄ ቆለፍሁባቸው። አሻንጉሊቷ እስካሁን በባዶ እግሯ ከልጄ ጋር ታድራለች።