የሶላር ባትሪ ቮልት መለኪያ በአርዱዊኖ እንዴት እንደሚሰራ

ደሴ ላይ መብራት ሲሄድ ብዙ ቤት የሚተማመነው በ12 ቮልት የሶላር ባትሪው ነው። ስንት እንደቀረው በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ በአንድ ከሰዓት ይሰራል። አርዱዊኖ ኡኖ (ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ)፣ ትንሽ ስክሪን፣ ባለ 30 እና ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር፣ ባለ 1 አምፔር ፊውዝና ቴስተር ያዘጋጁ። ባለ 30ው ከጠፋ ሦስት ባለ 10 ጫፍ ለጫፍ ቢያያዙ ያው ነው።

የባትሪው ቮልት አናሎግ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እንደሚወስደው ቁልቁለት ሳይቋረጥ ይወርዳል። አርዱዊኖ ውስጥ ያለው፣ ቮልትን ወደ ቁጥር የሚለውጠው መቀየሪያ ግን የሚያውቀው ደረጃ ብቻ ነው። ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን 1024 ደረጃ አድርጎ ይከፍለዋል፤ አንዱ ደረጃ 4.9 ሚሊ ቮልት ገደማ ነው።

መጀመሪያ ቮልቱን እንቀንስ። 12 ቮልት በቀጥታ ከገባ ቺፑን ያቃጥለዋል። ሁለቱን ሬዚስተሮች በተከታታይ በስታኞ ያያይዙ። የባለ 30ው ጫፍ በፊውዝ በኩል ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ይሂድ። የባለ 10ሩ ጫፍ ወደ ኔጌቲቩና ወደ ቦርዱ ግራውንድ። መገናኛቸው ቦርዱ ላይ ኤ0 የተባለው መለኪያ ፒን ላይ ይግባ። አሁን የሚገባው አንድ አራተኛው ነው፤ 12 የነበረው 3 ይሆናል። የግድግዳውን 220 ቮልት በዚህ ለመለካት በፍጹም እንዳይሞክሩ።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ፒያሳ አካባቢ ለጎረቤቴ የሰራሁት መለኪያ 12.77 አሳየን። ሙሉ ነው ብለን አመንን። ማታ መብራቱ ደከመ። በቴስተር ስለካው 12.0 ብቻ፤ ከግማሽ በታች ወርዷል። ቦርዱ የሚሰራው በርካሽ የመኪና ስልክ ቻርጀር ነበር። የ5 ቮልት ፒኑን ስለካ 4.70 አገኘሁ። መቀየሪያው የሚለካው ከዚህ ቮልት ጋር እያነጻጸረ ነው። ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ጨርቅ ሲለካ ክንዱ ይበዛለታል፤ ይሄም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ ፒኑን እራስዎ ይለኩና ያገኙትን ቁጥር ፕሮግራሙ ውስጥ ያስገቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ንባቡን (መቀየሪያው የሰጠውን የደረጃ ቁጥር) በለኩት ቮልት ያባዙ (የእኔ 4.70 ነበር)፣ ለ1024 ያካፍሉ፣ በ4 ያባዙ። የእኔ ንባብ 654 ነበር። በ5 ሲሰላ 12.77፣ በ4.70 ሲሰላ 12.0።

ቁጥሩ ከተንቀጠቀጠ በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ የተነበቡትን አማካይ ይውሰዱ። ከግድግዳው ሽቦ ወደ መለኪያው የሚጋባው የመብራት ሞገድ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ፣ 20 ሚሊ ሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር ነው። ከፍታውና ዝቅታው ይጣፋል።

በመጨረሻ ቴስተሩን ጎን ለጎን አድርገው ያመሳክሩ። ወርቃማ ቀለበት ያለው ሬዚስተር እስከ 5 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። ቴስተሩ 12.40፣ የእርስዎ 12.10 ካለ፣ በስሌቱ ያለውን 4 ወደ 4.10 ይቀይሩት። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ቦርዱ ጀርባ ላይ ይለጥፉ፤ ቻርጀሩን የቀየሩ ቀን ደግሞ የ5 ቮልት ፒኑን እንደገና ይለኩ።