አሮጌ ሪቮልቨር ከመግዛታችሁ በፊት ምላጩን እዩ

አሜሪካ ውስጥ ያገለገለ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) ስትገዙ ሻጩ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው» ካላችሁ፣ መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡና ምላጩንና ከኋላ የሚነሳውን መምቻ ብርሃን ላይ ተመልከቱ። ፋብሪካው የሽጉጡን አካል ጥቁር ሰማያዊ ሲያደርግ እነዚህን ሁለቱን በሙቀት አጠንክሮ እንዳሉ ይተዋቸው ነበር። ስለዚህ ውሃ ላይ የፈሰሰ ዘይት የሚመስል፣ ቡናማ፣ ግራጫና ሰማያዊ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር መልክ አላቸው። እነሱም እንደ አካሉ ወጥ ጥቁር ከሆኑ ሽጉጡ በኋላ እንደገና ቀለም ገብቷል፤ ሰብሳቢዎች ደግሞ ለእንዲህ ያለው የሚከፍሉት በጣም ያነሰ ነው። እኔ ጭረት ቢበዛበትም ያልተነካካውን እመርጣለሁ።

መለያ ቁጥሩም ብዙ ሰው ያሳስታል። በአሮጌዎቹ ላይ ከበሮው ወደ ጎን ሲወጣ፣ ከበሮውን የያዘው ክንድ ሥር የሚታየው ፋብሪካው ክፍሎቹን ሲገጣጥም የተጠቀመበት ቁጥር ነው። እውነተኛው መለያ ቁጥር እጀታው ግርጌ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ እንጨቱ ከሸፈነው በካቻቪቴ አስፈቱት። ያው ቁጥር ከበሮው ጀርባና አፈሙዙ ሥር ካልተደገመ ክፍል ተቀይሯል ብላችሁ ጠርጥሩ። ክንዱ ሥር የሞዴል ቁጥር ካለ ደግሞ የተሠራው ከ1957 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው።

የምላጩን መመዘኛ ግን ኮልት የተባለው ሌላ ፋብሪካ ለሠራቸው ሽጉጦች አትጠቀሙበት፤ ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጡት ጥቁር ምላጭ ይዘው ነው። የማይዝግ ብረት ለሆኑትም አይሠራም።