«ሊንኩ አይከፍትም»፦ የግሩፕ ፍለጋ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ግሩፕ አሳይመንት ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ኔትወርክ ነው። ባሕር ዳር ላይ ኔትወርክ ምንም አይወጣለትም ለማለት አልደፍርም። ግን ዋይፋዩ እንደ ልብ በሚሠራበት ቀንም ባዶ እጁን የሚመለስ ግሩፕ ሞልቷል። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ፔዳም ሂዱ፣ ፖሊም ሂዱ፣ ዘንዘልማም ሂዱ፣ እሮሮው ያው ነው። ምልክቱ ይለያያል እንጂ መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ማን፣ የት፣ ምን ብሎ ጽፎ እንደፈለገ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ ርዕስ እንያዝ፤ የጣና እምቦጭ፣ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈው አረም። እዚህ ከተማ ተምሮ እሱን ሳይነካ የተመረቀ ካለ እጁን ያውጣ።

«አምስታችንም ያመጣነው ያንኑ ፒዲኤፍ ነው»

ምክንያቱ ቀላል ነው። አምስቱም ጉግል ላይ ያንኑ ሦስት ቃል ጽፈው የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ አይተዋል። «አንተ መግቢያውን፣ አንቺ ምዕራፍ ሁለትን» ተባብሎ መከፋፈል ጽሑፉን ይከፋፍላል እንጂ ፍለጋውን አይከፋፍልም።

መፍትሄው በቦታና በቃል መከፋፈል ነው። አንዱ በአማርኛ ብቻ ይፈልግ። አንዷ ጉግል ስኮላር ላይ፣ ማለትም የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ ላይ፣ ትቀመጥ። ሌላው የዩኒቨርሲቲውን የጥናት ማከማቻ ይበርብር፤ የማስተርስ ጽሑፎች ጉግል ላይ ፊት ለፊት አይወጡም። አራተኛዋ አንድ ጥሩ ጥናት ይዛ ወደ ኋላና ወደ ፊት ትሂድ። ወደ ኋላ ማለት መጨረሻ ላይ የተዘረዘሩትን ዋቢዎች ማየት ነው። ወደ ፊት ማለት ደግሞ ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር «ሳይትድ ባይ» የሚለውን ነክቶ፣ ያንን ጥናት ጠቅሰው በኋላ የተጻፉትን ማግኘት ነው። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ፍሬ የሚያመጣው ይኸኛው ነው። የሚሠራበት ተማሪ ግን ጥቂት ነው። አምስተኛው የመጣውን ያንብብ፤ የማይረባውን ይጣል።

ከዚያ ሁላችሁም የምትሞሉት አንድ ጉግል ሺት (የኢንተርኔት ሠንጠረዥ) ክፈቱ። ዓምዶቹ አምስት ይበቃሉ፦ ማን ፈለገ፣ የት፣ የተጻፈው ቃል፣ ቀን፣ ምን ተገኘ። የተጻፈው ቃል ኮፒ ተደርጎ እንዳለ ይግባ። «ስለ እምቦጭ ፈልጌያለሁ» ማለት ለማንም አይጠቅምም። ባዶ የወጣም ይመዝገብ። ለምሳሌ አንድ ረድፍ ከፈላጊው ስም ቀጥሎ፦ «ጉግል፤ እምቦጭ ጣና ዓሣ አጥማጆች ገቢ፤ ኅዳር 12፤ ዜና ብቻ፣ ጥናት የለም»። ይህቺን መስመር ያየ ሰው ያንኑ ጽፎ ግማሽ ሰዓት አያቃጥልም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ሰርችቱጌዘር የሚባል መሣሪያ ሠርተው ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ላይ ይገጠማል፤ አባላቱ ምን ምን ብለው እንደፈለጉ ለሁሉም ያሳያል፤ ውጤቱንም ያከፋፍላቸዋል። ዛሬ ከነብራውዘሩ ታሪክ ሆኗል። ዋናውን ሥራውን ግን ሺቱ ይሠራላችኋል።

«ጣና ስንል ኬንያ ይወጣብናል»

የኬንያ ረጅሙ ወንዝም ጣና ይባላል። በእንግሊዝኛ ስትፈልጉ ሐይቅ የሚለውን ቃል ከስሙ ጋር አንድ ላይ ትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡ። ኬንያ ከሚለው ቃል ፊት ደግሞ ክፍተት ሳትተዉ የመቀነስ ምልክት አድርጉ። ይኸው ነው።

«እንዳለ እናውቃለን፣ ግን አይወጣም»

ይኼኛው ይብሳል። መጀመሪያ ስሙን ጠርጥሩ። የአረሙ ሳይንሳዊ ስም ተቀይሯል። የቆዩት ጥናቶች አይኮርኒያ ክራሲፔስ ይሉታል፤ አዲሶቹ ፖንቴዴሪያ ክራሲፔስ። በአንዱ ብቻ የፈለገ የሌላውን ያጣል። የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። ጎንደር በላቲን ሲጻፍ ከመጨረሻው በፊት ያለው ፊደል አንዴ «ኤ» ነው፣ አንዴ «ኢ»።

በአማርኛ ደግሞ ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ሃይቅ አለ። ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሳ አለ። እምቦጭ አለ፣ እንቦጭ አለ። የቱ ትክክል ነው የሚለውን ለቋንቋ መምህራን እንተወው፤ ስንፈልግ ሁሉንም እንሞክራለን። በመካከላቸው የእንግሊዝኛውን «ኦር» በትልልቅ ፊደል ብታስገቡ ጉግል በአንድ ጊዜ ያያቸዋል።

ሁሉም ተሞክሮ ካልወጣ ሰነዱ ራሱ የታመመ ሊሆን ይችላል። ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የፊደል ኮድ ሳይለመድ በፊት፣ በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ በመሳሰሉ የድሮ የአማርኛ መተየቢያዎች የተተየበ ሰነድ በዓይን ይነበባል። ኮፒ ስታደርጉት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የፍለጋ ሞተሩም የሚያየው ያንኑ ዝብርቅርቅ ነው። እንዲህ ያለውን በእንግሊዝኛ ርዕሱ ወይም በጸሐፊው ስም ፈልጉት። ስካን የተደረገ ከሆነ ቴሰራክት የተባለው ነፃ ፕሮግራም የአማርኛ ፊደል ያነባል። ስህተት አያጣውም፤ ከዋናው ጋር አስተያዩት።

«ቁጥራችን አይገጥምም»

አንዷ «እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2011 ነው» ትላለች። ሌላው «በ2004 ነው» ይላል። ጭቅጭቁ ይጦፋል። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንደኛው በፈረንጅ፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው። አደገኛው ሦስተኛው አባል ነው። 2011ን አይቶ «ዓ.ም.» ጨምሮበት ስላይድ ላይ ይለጥፈዋል። አረሙን ሰባት ዓመት አዘገየው ማለት ነው። የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራውም ላይ ይኸው ይደገማል። ዩኔስኮ ጣናን የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2015፣ ማለትም በ2007 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ ሺቱ ላይ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ አቆጣጠር። ዓመቱን ከምንጩ እንዳለ ገልብጡ፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ፣ መቀየሩን ለመጨረሻ ተዉት። ወሩ ካልተገለጸ የፈረንጁ 2011 «2003/04 ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፋል እንጂ አንዱ በግምት አይመረጥም።

ስፋቱም እንዲሁ ያጨቃጭቃል። የጣናን ስፋት አንዱ ምንጭ ወደ 3,000፣ ሌላው ከ3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ያደርሰዋል። ውኃው በክረምቱ መጨረሻ ይሞላል፣ በበጋ ይሸሻል፤ መውጫው ላይ ያለው የጨራጨራ ግድብም ከፍታውን ይቆጣጠራል። ልኬቱ መቼ እንደተወሰደ ካልታወቀ ማንም ማንንም ማረም አይችልም። አረሙ ደግሞ ጭራሽ ተንሳፋፊ ነው። ነፋስ ዛሬ ደምቢያ ዳርቻ የነበረውን ነገ ሌላ ቦታ ይወስደዋል። ወር የሌለውን የሄክታር ቁጥር አትቀበሉ። አሃዱንም እዩ፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ነው። «አረሙ የሸፈነው» እና «የተጠቃው አካባቢ» የሚሉትም አንድ አይደሉም።

«ከላይ ልኬዋለሁ እኮ»

ቴሌግራም ለወሬ እንጂ ለማከማቻ አልተመቸም። የሺቱን ሊንክ ፒን አድርጉ። የጠፋባችሁን ለማግኘት የግሩፑን ስም ንኩና «ሊንክስ» የሚለውን ክፈቱ፤ የተላከ ሊንክ ሁሉ እዚያ ተደርድሯል።

«ሊንኩ አይከፍትም»

ፈቃድ ጠይቅ የሚል ገጽ ከመጣ ሰነዱን የከፈተው ልጅ ሼር ላይ ገብቶ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» የሚለውን አልመረጠም። ገንዘብ ክፈል የሚል ከመጣ ጉዳዩ ሌላ ነው። አንዳንድ ጆርናሎች ግቢ ውስጥ የሚከፈቱት የተቋሙን ኔትወርክ ስለሚያውቁ ነው። ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብላችሁ በሞባይል ዳታ ስትገቡ አያውቋችሁም። ግቢ እያላችሁ አውርዱት። አለዚያ ስኮላር ላይ ከርዕሱ ሥር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን እዩ፤ ነፃው ቅጂ ብዙ ጊዜ እዚያ ይገኛል። ሺቱ ላይ ከሊንኩ ይልቅ ዲኦአዩን ጻፉ፤ በ10 እና በነጥብ የሚጀምረው ረጅም መለያ ነው። የድረ ገጹ አድራሻ ቢቀየርም እሱ አይቀየርም።

«ሌሊቱን የሞላሁት ጠፋ»

ከመጣላታችሁ በፊት በግራ በኩል ያለውን የረድፍ ቁጥር እዩ። ከ7 ዘሎ 19 ካለ የጠፋ ነገር የለም፤ አንድ ሰው ፊልተር አድርጎ ለሁሉም ደብቆታል። ፊልተሩን አንሱት። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ «ፊልተር ቪው» ይጠቀም፤ እሱ የሌላውን እይታ አይነካም። ቁጥሩ ሳይዘል ጽሑፉ ከሌለ «ቨርዥን ሂስትሪ» ውስጥ ማን መቼ እንዳጠፋው ይታያል፣ ይመለሳልም። ዳታ ሳይኖር ለመጻፍ ደግሞ ፋይሉን ኔትወርክ እያለ «ኦፍላይን» ማድረግ ነው፤ ከጠፋ በኋላ አይሆንም።

«ርዕሱ አለ፣ ጽሑፉ የለም»

የኤአይ ቻትቦት የሰጠው ዋቢ ነው። ያልተጻፈ ጥናት ከነጸሐፊውና ከነገጹ አሳምሮ ይፈጥራል። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ፈልጉት፣ ዲኦአዩን ክፈቱት። የሚከፈተው ሌላ ጽሑፍ ከሆነ ወይም ምንም ከሌለ፣ ከሺቱ ይውጣ።

«አንዱ አባል ምንም አይሞላም»

ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት በምን እንደሚሠራ ጠይቁት። ስልክ ብቻ ያለው ልጅ በትንሽ ስክሪን ሺት መሙላት ያማርረዋል። ጉግል ፎርም ሥሩለት፤ የሺቱን ጥያቄዎች ብቻ ይጠይቅ። ፎርሙን ከሺቱ ጋር ካያያዛችሁት መልሱ በራሱ እዚያው ይገባል፣ ቀንና ሰዓቱንም ራሱ ይመዘግባል። የፎርሙን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ከሺቱ አጠገብ ፒን አድርጉት።