የስፒከር ሳጥን በእጅ መሥራት፦ ከመጋዝ እስከ ቫርኒሽ ያሉ ስህተቶች

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስፒከሮች ሠርቼ ስጨርስ፣ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ በእጁ ሳይዳስሳቸው አያልፍም ነበር። የዋንዛ ቬኒር (ስስ የእንጨት ልባስ) ለብሰዋል። ጠርዛቸው ክብ ነው። ቫርኒሻቸው መልክ ያሳያል። ከዚያ ሙዚቃ ከፈትኩ። ታናሽ እህቴ ትንሽ ሰማችና «በስልክህ አይሻልም?» አለችኝ።

የአራት ወር ልፋት በሁለት ቃል አለቀ። ተናድጄ ሳጥኖቹን ስፈታቸው ግን ልጅቷ እውነቷን ነው። ጥፋቱ በሙሉ የተሠራው ቫርኒሽ ከመግዛቴ በፊት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጥንድ ሠርቻለሁ፤ የሰው ሳጥንም ከፍቼ አይቻለሁ። ሁላችንም የምንሳሳተው እዚያው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ከእንጨቱ መጀመር

መጀመሪያ የምናስበው ስለ ሳጥኑ ነው። ስለ ቅርጹ፣ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ቀለሙ። ድምፅ የሚያወጣው ራሱ ስፒከሩ በኋላ ይገዛና ቀዳዳው ላይ ይገጠማል። ይሄ ጫማ ሰፍቶ እግር እንደመፈለግ ነው።

እያንዳንዱ ስፒከር የራሱ ቁጥሮች አሉት። ዋናዎቹ ሦስቱ ኤፍ ኤስ፣ ኪው ቲ ኤስ እና ቪ ኤ ኤስ ይባላሉ። የመጀመሪያው ኮኑ (ስፒከሩ ፊት ላይ ያለው የሚርገበገብ ሾጣጣ) ሳጥን ሳይገባ በራሱ የሚርገበገብበት ፍጥነት ነው። ሁለተኛው ያ መርገብገብ ምን ያህል ቶሎ እንደሚገታ ይናገራል። ሦስተኛው የኮኑን መላላት በአየር ሊትር ይገልጸዋል። ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ የሳጥኑን መጠን የሚያወጣውን ስሌት አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል እ.ኤ.አ. በ1961 አሳተመ። ሪቻርድ ስሞል ደግሞ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሰፋው። ዛሬ በነጻ የሚገኙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች በደቂቃ ያሰሉታል። በጥቅሉ ኪው ቲ ኤሱ ከ0.4 በታች የሆነ ስፒከር የአየር ቱቦ ላለው ሳጥን ይስማማል፤ ከ0.5 በላይ ከሆነ ዝግ ሳጥን ይሻለዋል።

ምን አለሽ ተራ ሄዶ አሮጌ ስፒከር ለሚገዛ ሰው ግን ቁጥሩን የሚነግረው የለም። ሻጩ የሚነግራችሁ «ኦርጅናል ነው» ብቻ ነው። ችግር የለም፣ ቤት ይለካል። ኮምፒውተር፣ አንድ ሬዚስተር፣ ኮኑ ላይ የሚለጠፍ ክብደቱ የታወቀ ነገርና ነጻ ፕሮግራም ይበቃል። ሳትለኩ ጣውላ አታስቆርጡ። የመኪና ስፒከር ርካሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ይመርጠዋል፤ አብዛኛው ግን 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ነው፣ የታሰበውም ለመኪና በር ነው። 8 ኦም ብቻ የሚችል አምፕሊፋየር ላይ ስትሰኩት አምፕሊፋየሩ ይግላል።

የአዲስ አበባ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፤ ከፍታው። ፋብሪካው ቪ ኤ ኤስ ብሎ የሚጽፈው ሊትር የተሰላው በባሕር ወለል የአየር ግፊት ነው። እኛ ያለነው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ ግፊቱ በሩብ ያህል ያንሳል። በዝግ ሳጥን ውስጥ የታፈነው አየር ለኮኑ እንደ ስፕሪንግ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ስፕሪንጉ ይላላል። ስለዚህ እዚህ 20 ሊትር የሆነ ዝግ ሳጥን፣ ጠባዩ ባሕር ወለል ላይ ያለ የ27 ሊትር ሳጥን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ዝግ ሳጥናችሁን በሩብ ብታሳንሱት አትጎዱም። የቱቦን ርዝመት ስታሰሉ ግን ከፍታውን እርሱት። እሱን የሚወስነው የድምፅ ፍጥነት ነው፤ የድምፅ ፍጥነት ደግሞ የሚለወጠው በሙቀት እንጂ በግፊት አይደለም። ሳጥኑ ዱባይ ላለ ወንድማችሁ የሚላክ ከሆነ የፋብሪካውን ቁጥር እንዳለ ተጠቀሙ።

ከውጭ መለካት

የእኔ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነበር። ለ8 ኢንች ስፒከሬ 30 ሊትር ያስፈልግ ነበር። አናጢው ጋ ሄጄ «40 በ25 በ30 ሳንቲም» አልኩት። 40 ሲባዛ በ25 ሲባዛ በ30፣ ድፍን 30 ሊትር። «ከውጭ ነው ከውስጥ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከውጭ» አልኩ፣ ምን አስጨነቀው ብዬ።

ጣውላው 18 ሚሊሜትር ነው። ከእያንዳንዱ አቅጣጫ 3.6 ሳንቲም ይሄዳል። ውስጡ 36.4 በ21.4 በ26.4 ሆነ፤ 20.6 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሦስተኛው በእንጨት ተበላ። ከዚያ የስፒከሩ ማግኔት፣ ቱቦውና ማጠናከሪያው ሌላ አንድ ሊትር ተኩል ያዙ። እኔ 30 ሊትር ብዬ የምምልበት ሳጥን 19 ሊትር ነበር።

አናጢ ምን አስጨነቀው የምትሉበት ጥያቄ ሲጠይቃችሁ ቆም ብላችሁ አስቡ።

ቱቦውን በዓይን መቁረጥ

ቱቦው ጌጥ አይደለም። በውስጡ ያለው አየር ከሳጥኑ አየር ጋር ሆኖ በአንድ በተወሰነ ድምፅ ላይ ይርገበገባል፤ በጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፉ እንደሚሰማው። በስሌቱ መሠረት 30 ሊትር ሳጥን 40 ኸርዝ (በሰከንድ 40 ርግብግቢት) ላይ እንዲቃኝ፣ ውስጡ 7 ሳንቲም ስፋት ያለው ቱቦ 19 ሳንቲም ያህል መርዘም አለበት። እኔም ከፍሳሽ ፒቪሲ ላይ 19 ሳንቲም ልክክ አድርጌ ቆረጥኩ። ችግሩ ሳጥኑ 30 ሊትር አልነበረም። ቅኝቱ ወደ 50 ኸርዝ ወጣ። ቤዝ ጊታሩ አንዷን ኖታ ሲነካ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከሷ በታች ያሉት የሉም። እህቴ የሰማችው ይሄንን ነው።

ቱቦው ሲሰፋ መርዘም አለበት። ለዚያው 30 ሊትርና 40 ኸርዝ፣ 5 ሳንቲም ስፋት ላለው 9 ሳንቲም ገደማ ርዝመት ይበቃል፤ 10 ሳንቲም ስፋት ላለው ግን 42 ሳንቲም ያስፈልጋል፣ ቀጥ ብሎ የሚገባበት ቦታ እንኳ ላይገኝ ይችላል። ጠባቡን ልምረጥ ካላችሁ ደግሞ ድምፁ ከፍ ሲል አየሩ «ፉፍ ፉፍ» ይላል። መካከለኛውን ያዙ። መጀመሪያ አርዝማችሁ ቁረጡ፤ ማሳጠር ቀላል ነው። የውስጡ ጫፍ ከጀርባው ግድግዳ ቢያንስ በቱቦው ስፋት ያህል ይራቅ።

ስስ እንጨት

ችፑድ ርካሽ ነው፣ ግን ቪት ሲገባበት ይፈረፈራል። ጥሩ ኮምፔንሳቶ ወይም 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ይሻላል። ሳጥኑ ትልቅ ከሆነ ሁለቱን ጎኖች የሚያያይዝ ማጠናከሪያ መሐል ላይ ይግባ። ሲያልቅ በጣታችሁ አንጓ አንኳኩት። እንደ ከበሮ «ዱም» ካለ ያ ጎን ራሱ ይዘፍናል ማለት ነው፤ ማንም ዝፈን ሳይለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ብዙዎቻችን ስለ «ጥሩ ቤዝ» ያለን ስሜት የመጣው ከሠርግ ድንኳን ሞንታርቦ ነው። እሱ ሜዳ ለመሙላት የተሠራ ነው፤ ሳሎን ውስጥ ሲኮረጅ ራስ ምታት ነው። ሳጥኑ ሲንቀጠቀጥ «ኃይል አለው» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አልስማማም።

አየር የሚያስወጣ ስፌት

በዝግ ሳጥን ላይ የፀጉር ያህል ቀዳዳ ቤዙን ታበላሻለች። በቱቦ ሳጥንም ቢሆን ትንሽ ክፍተት ያፏጫል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያፈሰው የሽቦው መግቢያ ነው፤ ኮላ የተቀባውን መጋጠሚያ ሁሉም ይጠነቀቅለታል፣ ሽቦው የሚያልፍበትን ቀዳዳ ግን ማንም አያየውም።

መፈተሻው ቀላል ነው። በዝግ ሳጥን ላይ ኮኑን በጣቶቻችሁ ዙሪያውን እኩል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁ። እየተንቀራፈፈ ከተመለሰ ሳጥኑ ደህና ነው። ወዲያው ከዘለለ ያፈሳል። የት እንደሚያፈስ ለማወቅ እኔ እናቴ ቡና ስታፈላ እጠብቃለሁ። ከስልኬ 30 ኸርዝ ድምፅ በስፒከሩ ዝቅ አድርጌ እለቅና ማጨሻውን በየመጋጠሚያው አጠገብ ቀስ እያልኩ አሳልፈዋለሁ። የዕጣኑ ጭስ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። እዚያ ጋ ሲሊኮን ወይም ኮላ። እናቴ «ደግሞ ሣጥን ታጥናለህ?» ትለኛለች። አጥናለሁ።

ጥጥ ማብዛትና መርሳት

ባዶ ሳጥን ውስጡ ያስተጋባል። የትራስ ፖሊስተር ጥጥ በጎኖቹና በጀርባው ላይ ይበቃል። ቱቦ ካለው የቱቦውን አፍ አትድፈኑ። የመስታወት ጥጥ የምትጠቀሙ ከሆነ በጨርቅ ሸፍኑት፤ አለዚያ ብናኙ በቱቦው ወጥቶ ሳሎን ይገባል።

ሽቦው ላይ መቸኮል

ትዊተር ስል ትንሿን ስፒከር ማለቴ ነው። እሷን በቀጥታ አምፕሊፋየር ላይ የሚሰካ ሰው አሁንም አለ። ቤዙ ሲገባባት ትቃጠላለች። ከፊቷ ቤዙን የሚያግድ ቢያንስ አንድ ካፓሲተር ይኑር፤ 8 ኦም ትዊተርን ከ3,000 ኸርዝ ጀምሮ ለማሠራት 6.6 ማይክሮፋራድ ያህል ነው። ካፓሲተሩ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሌለው ዓይነት ይሁን። ድምፁን ለየስፒከሩ በሚከፍለው ሰርኪት ላይ ሁለት ጥቅልል ሽቦዎች ካሏችሁ ጎን ለጎን አታስተኟቸው፤ አንዱን አስተኝታችሁ ሌላውን አቁሙት፣ አለዚያ እርስ በርስ ይነካካሉ።

ከሁሉ የሚያስቀው ግን የተገለበጠ ሽቦ ነው። አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ይስባል፤ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ሰው ሳጥኑን ሊጥለው ይደርሳል፣ ጥፋቱ ግን የሁለት ሽቦ መቀያየር ነው። ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ውሰዱና የቤዝ ስፒከሩን ለአፍታ ንኩ። የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ትዊተሩ ላይ እንዳትሞክሩት።

ሳያዳምጡ መቀባት

አሁን ወደ ውበቱ መጣን፤ ሁላችንም የምንጓጓው ለዚህ ነው። ጥሬውን ሳጥን ቢያንስ ሁለት ሳምንት አዳምጡት። ቱቦው ማጠር ይኖርበት ይሆናል፣ ማጠናከሪያ ይጨመር ይሆናል። ከቫርኒሽ በኋላ መጋዝ ለማንሳት እጅ አይታዘዝም። እኔ ራሴ ጥፋቱን እያወቅኩ «ቬኒሩ ያሳዝናል» ብዬ ስድስት ወር ሙሉ መጥፎ ድምፅ ሰምቻለሁ።

ኤምዲኤፍ ፊቱ ለስላሳ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዙ ግን ቀለምን እንደ ደረቅ ዳቦ ይመጥጣል። አምስት እጅ ብትቀቡትም ሻካራና ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ በእኩል ውሃ የቀጠነ ኮላ ቀቡት ወይም ስስ ስቱኮ አልብሱት። ሲደርቅ በ180 ከዚያም በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ብናኙ በጣም ደቃቅ ነው፣ ማጣበቂያውም ፎርማልዲሃይድ አለበት፤ ያለ ማስክ አትቁረጡ፣ ያለ ማስክም አትፈትጉ።

የሚያብለጨልጭ ጥቁር ቀለም ለሚወዱ መጥፎ ዜና አለኝ። በወሩ መጋጠሚያው እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። የጣውላው ፊትና ጠርዝ እርጥበት ሲነካቸው እኩል አያብጡም፤ መስታወት የመሰለ ቀለም ደግሞ ይሄን አይደብቅም። ክረምት ሲገባ ይብሳል። ወይ ቬኒር አልብሱት፣ ወይ መጋጠሚያው ላይ ሆን ብላችሁ ቀጭን መስመር አውጡበት፤ ያኔ ስንጥቅ ሳይሆን ንድፍ ይመስላል።

ቬኒር በማስቲሽ የሚለጠፍ ከሆነ ሁለቱንም ገጽ ቀብታችሁ ማስቲሹ እጅ የማይዝ እስኪሆን ጠብቁ። እርጥቡን ከለጠፋችሁት በኋላ ይነፋል። እኔ አንዱን ጎን ሦስት ጊዜ በምላጭ ቀድጄ አስተንፍሻለሁ፤ ጠባሳው በግድግዳው በኩል ዞሮ ተቀምጧል።

ስፒከሩን መግጠም የመጨረሻው ሥራ ነው። ቀለሙ ጠረኑ እስኪጠፋ ይድረቅ። የቪት ቀዳዳዎችን ስፒከሩ ሳይገባ በፊት ብሱና ብናኙን ጠራርጉ፤ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ማግኔቱ ካቻቪቴም ይስባል። የሁለተኛዬን ጥንድ የመጨረሻ ቪት ሳጠብቅ ካቻቪቴው ከቪቱ አመለጠና ልክ እንደተጠራ ኮኑን በስቶ ገባ። የወረቀት መቀደድ ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። አሁን ስፒከር ስገጥም ግራ እጄን ኮኑ ላይ ዘርግቼ ነው የማጠብቀው፤ ካመለጠኝ እጄን ይውጋኝ።