ካርዱ ተገዛ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፦ በርካሽ ግራፊክስ ካርድ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ወደ ጥገና ጠረጴዛዬ የሚመጣው ዴስክቶፕ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ቢሮ ውስጥ አገልግሎ በዱባይ በኩል የገባ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ አራተኛ ወይም ስድስተኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም። ባለቤቱ ወይ ጌም ሊጫወትበት ወይ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት ሊያደርግበት አስቦ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ (ምስሉን ሠርቶ ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ሰሌዳ) ገዝቷል። ካርዱን በፌስታል ይዞ ይመጣና «ይሄ ነገር ተበላሽቷል መሰለኝ» ይላል። ፈትሼ ሳየው ካርዱ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ያልተስማማው ኬዙ (የኮምፒውተሩ ሳጥን) ነው፣ ወይም ፓወር ሳፕላዩ (ለማሽኑ ኃይል የሚሰጠው ክፍል)፣ ወይም ሞኒተሩ። ስለዚህ ገና ያልገዛችሁም አንብቡት፤ እዚህ ያለው ችግር አብዛኛው ብር ከኪስ ሳይወጣ የሚታወቅ ነው።

«አይገባም»

በእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ቀጭኑ ኬዝ ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ቢገባም ክዳኑን አያስዘጋም። ለዚህ ኬዝ የሚሆነው ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭር ካርድ ብቻ ነው። አንዳንዴ ካርዱ ራሱ አጭር ሆኖ ጫፉ ላይ የታሰረው ብራኬት ረጅም ይሆናል፤ ያኔ ሁለት ብሎን ፈትቶ ብራኬቱን መቀየር ይበቃል። ሻጩን «አጭሩ ብራኬት አብሮ አለ?» ብላችሁ ጠይቁት፣ ለብቻው ፈልጎ ማግኘት አሳር ነው።

ሰው የማያስበው ግን ውፍረቱን ነው። በብዙዎቹ ቀጫጭን ኦፕቲፕሌክሶች ትክክለኛው ባለ 16 መስመር ስሎት (ካርዱ የሚሰካበት ቦታ፤ መስመር የሚባለው ዳታ የሚያልፍበት ነው) ከፓወር ሳፕላዩ ጋር ጎን ለጎን ስለሆነ፣ የሁለት ስሎት ቦታ የሚይዝ ካርድ ፓወር ሳፕላዩን ይገጫል። ባለቤቱ ታዲያ ወደ ጎረቤቱ ስሎት ያዛውረዋል። ያ ስሎት ርዝመቱ ያው ሆኖ ውስጡ የተዘረጋለት 4 መስመር ብቻ ነው፤ ካርዱ ይነሳል፣ ግን አቅሙ ይቀንሳል። መፍትሄው ነጠላ ስሎት ውፍረት ያለው አጭር ካርድ መፈለግ ነው። ኳድሮ ፒ620፣ ቲ600፣ ቲ1000 የሚባሉት የኤንቪዲያ የቢሮ ካርዶች ለዚህ ልክ ናቸው። «ኳድሮ ለጌም አይሆንም» የሚለውን ወሬ አትስሙ፤ ቲ1000 ውስጡ ያሉት 896 ኮሮች (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) ከጂቲኤክስ 1650 ጋር እኩል ናቸው፣ የሚበላው ግን 50 ዋት ነው። መውጫቸው ሚኒ ዲስፕሌይ ፖርት መሆኑን ግን አትርሱ፣ ኮንቨርተሩን አብራችሁ ተቀበሉ።

«ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው»

መጀመሪያ የሞኒተሩን ኬብል ተመልከቱ። አሁንም ማዘርቦርዱ (ሁሉም ነገር የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተሰክቶ ይሆናል፤ ካርድ ሲገጠም ብዙ ማሽኖች የማዘርቦርዱን መውጫ ይዘጉታል። አትሳቁ፣ እኔ ራሴ አንድ ማታ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) ስጎረጉር፣ ራም ሳወጣ ሳስገባ አንድ ሰዓት ካቃጠልኩ በኋላ ነው ኬብሉ የት እንዳለ ያየሁት።

ቀጥሎ ሰማያዊ ጫፍ ያላት የቪጂኤ ኬብል አለች። እኛ ጋ አሁንም ብዙ ሞኒተር በእሷ ነው የሚሠራው። ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉት የኤንቪዲያ ካርዶች ግን ቪጂኤ የሚፈልገውን የአናሎግ ምልክት አያወጡም። ያቺን ከዲቪአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይር ርካሽ ጫፍ ገዝታችሁ ከሆነ፣ የካርዱን ዲቪአይ መውጫ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በጠፍጣፋዋ ቀዳዳ ዙሪያ አራት ትናንሽ ቀዳዳዎች ካሉ አናሎግ ያወጣል። ከሌሉ ጫፏ ጭራሽ አትገባም፤ ፒኗን አጣምሞ በግድ ያስገባ ሰውም ምስል አያገኝም። የሚያስፈልገው ውስጡ ቺፕ ያለው ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ኮንቨርተር ነው። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የወጣው ጂቲኤክስ 750 ቲአይ አናሎግ ያወጣል፤ አሮጌ ሞኒተር ላለው ሰው እስካሁን የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ኬብሉ ትክክል ከሆነ ካርዱን አውጥታችሁ የወርቅማ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ጠረግ ጠረግ አድርጉና «ቀጭ» እስኪል መልሳችሁ ስኩት። አናቱ ላይ የፓወር ሶኬት ካለው ባዶ መተው አይቻልም። ይህ ሁሉ ሆኖም ምስል ከሌለ ተጠርጣሪው ባዮሱ ነው፤ የቆየ ባዮስ አዲስ ካርድ ላያውቅ ይችላል። ካርዱን አውጡና ኮምፒውተሩን በራሱ ግራፊክስ አስነስታችሁ ባዮሱን ከአምራቹ ገጽ አሻሽሉ። ይህን ያለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) አትሞክሩት። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ካርድ ፍለጋው ወደ ማዘርቦርድ ፍለጋ ይለወጣል።

«ጌም ስከፍት ድርግም ይላል»

ዊንዶውስ ላይ ሰላም ነው፣ ጌም ወይም ኤክስፖርት (ያለቀውን ቪዲዮ ማውጣት) ሲጀመር ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል ወይም ራሱን ሪስታርት ያደርጋል። ይህ ዘጠና በመቶ የፓወር ሳፕላይ ምልክት ነው ብዬ ነው የምነሳው፤ ከተሳሳትኩ ሙቀት ነው።

ባለፈው አንድ ልጅ አርኤክስ 580 የሚባል ካርድ ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ ጓደኛዬ ጋ ሲሞከር እኮ ይሠራል፣ እኔ ጋ ነው የሚያጠፋው» አለኝ። ሂሳቡን አብረን ሠራነው። ካርዱ 185 ዋት ይበላል። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590 ነው፣ 84 ዋት። ድምሩ 269። የኬዙን ክዳን ከፍቼ የፓወር ሳፕላዩ ጎን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አስነበብኩት፦ 255 ዋት። ገና ሃርድ ዲስኩንና ፋኖቹን አልቆጠርንም። ባለ 8 ፒን የፓወር ገመድም ማሽኑ የለውም፤ ልጁ የሃርድ ዲስኩን የሳታ ገመድ በአዳፕተር ቀይሮ ነው የሰካው። ፕላስቲኩ ቡናማ ሆኖ ነበር። አንድ የሳታ ሶኬት በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ገደማ ነው፣ ባለ 8 ፒኑ ደግሞ እስከ 150 ሊጠይቅ ይችላል። እድለኛ ሆኖ ካርዱ ከመቅለጡ በፊት ማሽኑ ጠፍቶለታል።

«ትልቅ ፓወር ሳፕላይ ልግዛ?» አለ። በመደበኛ ኬዝ ቢሆን አዎ እለው ነበር። የእነዚህ የቢሮ ማሽኖች ፓወር ሳፕላይ ግን ቅርጹም ሶኬቱም የራሱ ነው፤ በብዙዎቹ የተለመደው ባለ 24 ፒን አይሰካም፣ በቀጭኑ ኬዝ ደግሞ ቦታውም የለም። የሚሻለው ከስሎቱ ብቻ በሚያገኘው ኃይል የሚሠራ ካርድ ነው። ስሎቱ የሚሰጠው ቢበዛ 75 ዋት ነው፦ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75፣ ጂቲኤክስ 1650 75፣ አርኤክስ 6400 53 ዋት። ተጠንቀቁ፣ 1650 እና 1050 ቲአይ ሆነው ተጨማሪ ባለ 6 ፒን ሶኬት የተገጠመላቸውም አሉ። ስሙን ብቻ ሰምታችሁ አትክፈሉ፣ አናቱን እዩት።

አርኤክስ 580 ራሱ መጥፎ ካርድ አይደለም። ግን ብዙዎቹ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ ሲቆፈርባቸው የኖሩ ናቸው፤ ሴፕቴምበር 2022 ቁፋሮው በካርድ መሠራቱ ሲቆም ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ጎረፉ። ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት አስፈትኑት።

«1050 ቲአይ ነው ብለው ሸጡልኝ፣ ድራይቨር አልቀበል አለ»

ይህን ሳይ ልቤ ይሰበራል፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መፍትሄ የለውም። ካርዱ ውስጡ የ2011ዱ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ወይም የዚያ ዘመድ ሆኖ የካርዱ የራሱ ባዮስ ተቀይሮበት ነው። ዊንዶውስ ካርዱን የሚለየው ባዮሱ በሚሰጠው መለያ ስለሆነ ዲቫይስ ማኔጀር ላይ «1050 ቲአይ» ሊል ይችላል፤ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ሲጫን ግን ሰማያዊ ስክሪን ወይም ኮድ 43 የሚባለው ስህተት ይመጣል። እኔም ለደንበኛ ብዬ የገዛሁት አንድ ካርድ እንዲህ ሆኖብኝ ያውቃል። ሻጩ «ሲሄድ ደህና ነበር» አለኝ፣ በቃ።

መፈተሻው ቀላል ነው። ጂፒዩ-ዚ የምትባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ክፈቷት። ትክክለኛው 1050 ቲአይ ቺፑ ጂፒ107፣ ኮሮቹ 768 ናቸው። ጂኤፍ116 እና 192 ኮር ካያችሁ አመስግናችሁ ውጡ፤ አዲሶቹ የፕሮግራሟ ስሪቶች የተቀባባውን ካርድ ራሳቸው «ፌክ» ብለው ይጽፉበታል። ኮምፒውተር ሳይከፈትም የሚታይ ምልክት አለ፦ 1050 ቲአይ ተብሎ ጀርባው ላይ ሰማያዊ የቪጂኤ ሶኬት ካለው ጠርጥሩ። ቅድም ስለ አናሎግ ያልኩትን አስታውሱ።

«ካርድ ገጠምኩ፣ ጌሙ ግን ያው ነው»

ጌሙን ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩት። ፍጥነቱ ከጨመረ ካርዱ ነው አቅም ያነሰው። ምንም ካልተለወጠ ጉዳዩ ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ጋ ነው። 8 ጊጋ ራም በአንድ ነጠላ ስቲክ ከሆነ ሁለተኛ ስቲክ መጨመር ከሌላ ካርድ ይሻላል፣ ርካሽም ነው።

ካርዱ ከሆነ ደግሞ የትኛው ጂቲ 1030 እንደተሸጠላችሁ እዩ። በ2017 የወጣው ጂዲዲአር5 ማስታወሻ (ሚሞሪ) ያለው በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። በ2018 በዚያው ስም የወጣው ዲዲአር4 ያለው ግን 17 ገደማ ብቻ ነው። ካርቶኑ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ካርዱ ሌላ! አርኤክስ 6400 ደግሞ 4 መስመር ብቻ ስላለው ፒሲአይኢ 4.0 (የስሎቱ ትውልድ ነው) ባለው አዲስ ማዘርቦርድ ነው የሚያምርበት። በ3.0 ማዘርቦርድ መተላለፊያው በግማሽ ይጠብባል፣ 4 ጊጋው ማስታወሻ በሞላ ቁጥር ጌሙ ይንተባተባል። ጂቲ 710ንና 730ን ለጌም ብሎ ለሚጠይቀኝ አልሸጥም።

«ኤክስፖርት አሁንም ያድራል»

ለቪዲዮ ኤዲተሮች ብቻ ነው ይህ። ፕሪሚየር ላይ ኤክስፖርት የሚያፈጥነው ካርዱ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ኢንኮደር (ቪዲዮውን አጭቆ የሚጽፈው ክፍል) ነው። ጂቲ 1030 የለውም። አርኤክስ 6400ም የለውም። ለጌም የሚሻለው ካርድ ለሰርግ ቪዲዮ ዋጋ ቢስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። 1050 ቲአይ፣ 1650፣ ቲ600 ሁሉም አላቸው። ካላችሁ በኋላም ኤክስፖርት መስኮቱ ላይ ሃርድዌር ኢንኮዲንግ የሚለው መመረጡን አረጋግጡ፤ ሶፍትዌር ላይ ተቀምጦ ሌሊቱን የሚያድር ስንት አለ።

«መጀመሪያ ጥሩ ነው፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል»

ሙቀት ነው። ጂፒዩ-ዚ ላይ ሴንሰር የሚለውን ከፍታችሁ ጌም ተጫወቱ። 1050 ቲአይና መሰሎቹ 83 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ፋኑን ፈታችሁ አቧራውን በብሩሽ አራግፉ፣ በቺፑና በማቀዝቀዣው መሃል የደረቀውን ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ የስንዴ ፍሬ የምታህል አዲስ አድርጉበት። ስታጸዱ ፋኑን በጣት ያዙት፤ በንፋስ መንፊያ እንዲሽከረከር ከለቀቃችሁት ኩሽኔታው ይላላና ከዚያ በኋላ እንደ ወፍጮ ነው የሚጮኸው።

ስለ ድራይቨር አንድ ነገር። ኤንቪዲያ ለ750 ቲአይ፣ ለ1030 እና ለ1050 ቲአይ ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣት ኦክቶበር 2025 ላይ አቁሟል፤ የደህንነት ማሻሻያ ግን እስከ ኦክቶበር 2028 ይቀጥላል። ካርዶቹ መሥራታቸውን አያቆሙም። ዋጋው ከ1650 ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ካገኛችሁት ግን ገና ድራይቨር እየወጣለት ያለውን 1650 ውሰዱ። ባለ 580ው ልጅም በመጨረሻ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ካርዱን መደበኛ ኬዝ ላለው ጓደኛው ሸጦ ሶኬት የሌለውን አጭሩን 1650 ገዛ። እኔ ለእሱ የሠራሁለት ቢኖር የቀለጠውን የሳታ ገመድ ቆርጬ መጣል ነው።