የኮሌጃችሁን ላይብረሪ አዲሱን ሰርች እና ሌሎች አገልግሎቶች እንዴት ትጠቀማላችሁ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ኤክስቴንሽን ነው የምማረው፣ ከስራ ወጥቼ ታክሲ ተጋፍቼ ስደርስ ክላስ ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ቢቀረኝ ነው፣ ስለዚህ ሼልፍ ለሼልፍ እየዞርኩ መጽሐፍ የምፈልግበት ጊዜ የለኝም። ዘንድሮ ካታሎጉ (የመጽሐፎቹ ዝርዝር) ኮምፒውተር ላይ ገብቷል ተብሎ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፣ ግን ማን ያነበዋል፣ ሁሉም ሃንድአውቱን ይዞ ይገባና ሶኬት ያለበት ወንበር ይዞ ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል። እኔም ያው ነበርኩ።

መጀመሪያ አይዲና የተመዘገባችሁበትን ስሊፕ ይዛችሁ መጽሐፍ የሚያውሱት ጋ ሂዱና አካውንት ክፈቱልኝ በሉ። የሚሰጧችሁን ፓስወርድ እዛው ቀይሩት።

ከዛ ሰርች። እኛ ጋ የገባው ኮሃ የሚባለው ነው፣ ኒውዚላንድ ተሰርቶ በፈረንጆቹ 2000 ስራ የጀመረ ነጻ ሶፍትዌር፣ በግቢው ዋይፋይ በስልካችሁም ይከፈታል። እንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ ችግር የለውም፣ ጣጣው አማርኛ ላይ ነው። እኔ "ስራ አመራር" ብዬ ጽፌ ምንም የለም ሲለኝ ትቼው ሄድኩ፣ ለካ መጽሐፉ ሼልፍ ላይ ተቀምጧል፣ የመዘገበው ሰው በንጉሡ ሠ "ሥራ" ብሎ ነው ያስገባው! ኮምፒውተሩ ደግሞ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ካልነገሩት አያውቅም። ስለዚህ ሕግም ህግም፣ ዓለምም አለምም እያላችሁ ሞክሩ፣ ወይ ደግሞ ብዙ አጻጻፍ የሌለውን ቃል ብቻውን ጻፉ፣ "አመራር" ብቻ ብዬ ብጽፍ ኖሮ ያኔውኑ ይመጣልኝ ነበር። አንዳንዱ የአማርኛ መጽሐፍ ጭራሽ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የተመዘገበው፣ እሱንም ሞክሩት። በደራሲ ስትፈልጉ የሀበሻ ደራሲ በራሱ ስም ነው የሚቀመጠው፣ የፈረንጅ ግን በቤተሰብ ስሙ።

ሲገኝ መጽሐፉ ሼልፍ ላይ የሚቀመጥበትን ቁጥር ስክሪንሾት አንሱ፣ መብራት ከጠፋ ኮምፒውተሩም ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል፣ ቁጥሩ ስልካችሁ ላይ ካለ ግን በስልክ ባትሪ አብርታችሁም ታገኙታላችሁ (አድርጌዋለሁ)። ቁጥሩ የዴዊ ነው፣ መጽሐፍን በትምህርት ዓይነት የሚመድብ ማለት ነው፣ 657 አካውንቲንግ፣ 332 ፋይናንስ፣ 005 ፕሮግራሚንግ፣ 963 የኢትዮጵያ ታሪክ። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከነጥቡ በኋላ ነው፣ 332.12 የሚቀመጠው ከ332.4 በፊት ነው እንጂ በኋላ አይደለም፣ ምክንያቱም ከነጥቡ ቀጥሎ ያለው አስራ ሁለት ሳይሆን አንድ፣ ሁለት ተብሎ አንድ በአንድ ነው የሚነበበው። ይቺን ሳላውቅ ስንቴ "መጽሐፉ የለም" ብዬ ላይብረሪያኗን እንደነዘነዝኳት እሷ ናት የምታውቀው።

ሰው ወስዶት ከሆነ ሆልድ የሚለውን ነክታችሁ ወረፋ ያዙ። ኮፒው ትንሽ የሆነ ቴክስት ቡክ ግን እዛው ተቀምጦ ለማንበብ ብቻ ነው የሚሰጠው፣ አትጨቃጨቁ።

ሲኒየር ኤሴይ ላይ ያላችሁ ልጆች ሪሰርች ፎር ላይፍ ገብቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በብር የሚሸጡ ጆርናሎች ኢትዮጵያ ላሉ ተቋማት በነጻ የሚከፈቱበት ነው፣ የጤናው ክፍል ሂናሪ በ2002፣ የግብርናው አጎራ በ2003 ነው የተጀመሩት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። የሚመዘገበው ኮሌጁ ስለሆነ በግላችሁ አትልፉ፣ ፓስወርዱ ላይብረሪያኖቹ ጋ ነው ያለው። እስኪገባ ድረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሰሯቸው ቴሲሶች ኦንላይን አሉ፣ ለፕሮፖዛል ሀሳብ እነሱ ይበቃሉ፣ ኮፒ ፔስት ካላደረጋችሁ።

ስልጠናዎቹን ደግሞ አትናቁ። ባለፈው ስለ ዞቴሮ ነበር፣ ሬፈረንስ በራሱ የሚደረድር ነጻ ፕሮግራም፣ ስድስት ሰው ነው የመጣው፣ እኔ የሄድኩት ሻይና ኩኪስ አለ ስለተባለ ነው እውነቱን ለመናገር፣ ግን አድቫይዘሬ ሬፈረንሴን አስተካክል ማለት ያቆመው ከዛ በኋላ ነው። የስልጠናው ቀን የሚነገረው ቴሌግራም ላይ ስለሆነ ቻናሉን ሚዩት አታድርጉት።

መመለሻው ቀን ሲደርስ ሪኒው በሉት (ቀኑን አራዝሙት)፣ ቅጣቱ ትንሽ ቢሆንም ክሊራንስ ላይ ይጠብቃችኋል። እኔ ከክላስ ስወጣ ጥበቃዎቹ ጋ ቆሜ ሪኒው አድርጌ ነው ታክሲ ሰልፍ የምይዘው፣ በሩን ካለፋችሁ ዋይፋዩ ይቆረጣል።