የፍራፍሬ ኮንሰንትሬት መዝገብና ሪፖርት አያያዝ

ኮንሰንትሬት (ውሃው በትነት ተቀንሶ የወፈረ ጭማቂ) የሚያመርት ፋብሪካ መዝገቡን በሊትር ብቻ ከያዘ የገባውና የወጣው አይገናኝም፤ አብዛኛው ውሃ ተንኗል። ሳይተን የሚቀረው የሟሟው ጠጣር ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ባች (በአንድ ዙር የተመረተ መጠን) በክብደትና በብሪክስ፣ ማለትም ከ100 ኪሎ ውስጥ ስንት ኪሎ የሟሟ ጠጣር እንዳለ በሚያሳይ ልኬት፣ ይመዝገብ።

10,000 ኪሎ ጭማቂ በ12 ብሪክስ ከገባ ጠጣሩ 1,200 ኪሎ ነው፤ ወደ 70 ብሪክስ ሲደርስ 1,714 ኪሎ ኮንሰንትሬት መውጣት አለበት። ሚዛኑ 1,660 ካሳየ 38 ኪሎ ጠጣር ጎድሏል፣ 3.2 በመቶ ገደማ። አብዛኛውን ጊዜ ቧንቧ ሲታጠብ አብሮ የሄደ ነው፤ የማጠቢያው ውሃ መጠንና ብሪክስ ካልተመዘገበ ግን ማረጋገጥ አይቻልም። ከሚጠበቀው በላይ ከወጣ ይበልጥ ያሳስባል፦ ያለፈው ባች ቅሪት ተቀላቅሏል፣ ንባቡ ተሳስቷል፣ አለዚያም ስኳር ተጨምሯል።

ንባቡን በብዛት የሚያበላሸው ሙቀት ነው። ብሪክስን የሚለካው መሣሪያ፣ ሪፍራክቶሜትር፣ የሚስተካከለው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በ30 ዲግሪ የተለካ ባለ 70 ብሪክስ ናሙና፣ መሣሪያው ራሱ ካላረመው፣ በ0.8 ገደማ ዝቅ ብሎ ይነበባል። የናሙናውን ሙቀት ከንባቡ ጎን ጻፉ። እንደ ሎሚ ባሉ ኮምጣጣ ፍሬዎች የአሲድ ማረሚያም ይጨመራል። ታንክ በሊትር ከተለካ በጥግግቱ ይባዛ፤ 70 ብሪክስ በ20 ዲግሪ በሊትር 1.347 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

የምርቱ ዱካ የሚጠፋው በቅልቅል ላይ ነው። የትኛው በርሜል፣ ስንት ኪሎ፣ ወደ የትኛው አዲስ ባች እንደገባ ያኔውኑ ይጻፍ። በትነት ጊዜ ተለይቶ የሚሰበሰበው መዓዛ የራሱ መዝገብ ይኑረው፤ አልኮል ሊኖርበት ስለሚችል መጠኑም የአልኮል ይዘቱም ይመዝገብ።

ለወሩ ሪፖርት፦ የመነሻ ክምችት ሲደመር ምርት፣ ሲቀነስ ሽያጭና የተለካ ብክነት። ውጤቱን በመጋዘን ቆጠራ አመሳክሩ። ልዩነቱን «ብክነት» ብሎ መዝጋት ሪፖርቱን ዋጋ ያሳጣዋል፤ «ያልታወቀ ልዩነት» በሚል ለብቻው ይቀመጥ።

በፖም የፓቱሊን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) ምርመራ ውጤት ላይ ናሙናው በስንት ብሪክስ እንደተለካ ይጠቀስ። 50 ማይክሮግራም በኪሎ የሚለው የኮዴክስ (የዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃዎች) ገደብ ለመጠጥ ለደረሰ ጭማቂ ነው፤ ሳይቀጠን የተለካ ባለ 70 ብሪክስ ኮንሰንትሬት ቁጥሩን ስድስት እጥፍ ያህል ያሳድገዋል።

የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ተሰርዞ ትክክለኛው ከጎኑ ይጻፍ፣ ፊርማና ቀን ይታከልበት። የማቆያው ጊዜ እንደየአገሩ ሕግ ነው፤ በአሜሪካ የጭማቂ ሃሳፕ (የምግብ ደህንነት አደጋ መቆጣጠሪያ ሥርዓት) ደንብ ለቀዘቀዘ ምርት ቢያንስ 1 ዓመት፣ በረዶ ለሆነ ወይም ያለ ማቀዝቀዣ ለሚቆይ 2 ዓመት፣ የምርቱ ዕድሜ ከዚያ ከበለጠ እስከዚያው ድረስ ነው።